የሐዋ ቀኝ ትከሻ

ግንቦት ሲገባ አሶሳ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ገበያ ላይ የተደረደረው አይደለም የሚሸተው፤ ከዛፉ ሥር ወድቆ፣ ፈርጦ፣ ዝንብ የወረረው ነው። ከደጋ ተመድበው የሚመጡ አስተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ቆየት ሲሉ ይለምዱታል፤ ዝውውር ሲያገኙ ደግሞ ይናፍቀናል ብለው ይሄዳሉ። እኔ ዝውውር የምጠይቅበት መሥሪያ ቤት ስላልነበረኝ ቀረሁ። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር ሐሳቤ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ ከወንዙ ወደ ሰፈራችን ወደሚወጣው ቀይ አቀበት። ዛሬ ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጅ ይመላለስበታል። ያን ጊዜ የእግር መንገድ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ግራና ቀኙ ማንጎ ነው።

ወደዚህ አገር ስመጣ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለሰፋሪዎች እህል በሚከፋፈልበት መጋዘን ተመድቦ ነበር። እኔ ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃኝ ቀርቶ፣ የእጅ ስፌት መኪናዬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተከተልኩት። ስለዚያ ዘመን ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ እኔ በደንብ የማስታውሰው ጨርቁን ነው። ሰፋሪው አቡጀዲና ካኪ ያመጣልኛል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ቴትሮን ያመጣል፤ የአገሬው ሴቶች ደግሞ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል የሚገባውን ቶብ ይለብሳሉ። ቶብ ማለት ከእግር እስከ ራስ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ትከሻ የሚጣል ረጅም ስስ ጨርቅ ነው። ብርቱካናማው፣ ሐምራዊው፣ የሎሚ ቢጫው ይታየኛል። እኛ ነጭ ለባሾቹ ከጎናቸው ስንቆም ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት እንመስል ነበር። ቀሚስ በሁለት ብር እሰፋለሁ፣ ሱሪ በስሙኒ አሳጥራለሁ። ማንጎ ግን ዋጋ አልነበረውም፤ ማንጎ ልግዛ ያለ ሰው ይሳቅበታል። ከምሰፋበት በረንዳ አጠገብ ያለው ነጋዴ ከሰዓት በኋላ ከድንበር ማዶ የሚመጣውን ሬዲዮ ይከፍታል። ዑድና ቫዮሊን ነው። ቃሉን አላውቀውም፤ ዜማው ግን ከአገሬ ዜማ ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ይመስለኝ ነበር። ከሰው ጋር ብዙ ስለማልነጋገር ያ ሬዲዮ ይበቃኝ ነበር።

ሐዋን ያገኘኋት በዚያው አቀበት ላይ ነው። እኔ እንደ አገሬ እንስራ በጀርባዬ አዝዬ፣ ገመዱ ደረቴን እየቆረጠኝ፣ መሬት መሬት እያየሁ እወጣለሁ። እሷ ከኋላዬ መጣች። የበርታ ልጅ ናት፤ በዕድሜ እኩዮች ነን። የበርታ ሴት በጀርባዋ ሸክም አትሸከምም። ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ትከሻዋ ላይ ታጋድማለች፤ ከፊትና ከኋላው ጫፍ ላይ ሸክሙ ይንጠለጠላል፤ ውሃ በቅል፣ እህል በቅርጫት፣ እንጨትም ቢሆን። ቀና ብላ፣ አንድ እጇን ዘንጉ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዘንጉ ሲለመጥ እሷም አብራ እየተለመጠች ትሄዳለች። አልፋኝ ሄደችና ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተ አህያ ነው?» አለችኝ። ሐዋ እስከ ዛሬ ለሴትም ለወንድም አንተ ነው የምትለው።

«አንቺስ ሚዛን ነሽ?» አልኳት።

ሳቀች። ሸክሟን አውርዳ ሳቀች። ወዳጅነታችን ከዚያ ይጀምራል። በዘንግ መሸከም ልታስተምረኝ ሞከረች። ሲደክም ሳይቆሙ ወደ ሌላው ትከሻ የሚያዛውሩበት ዘዴ አለ፤ አንገት ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ማጅራት ላይ ተንከባሎ ያልፋል፣ እግር እርምጃውን አያቋርጥም። እኔ ዘንጉን ማጅራቴ ላይ ሳደርስ አንዱ ቅል ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ በረሩ። ሐዋ መንገዱ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ። እኔም በእንስራዬ ቀጠልኩ፣ እሷም በዘንጓ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መንገድ ዳር ሸክሟን ታወርድና ትሰግዳለች፤ እኔ ራቅ ብዬ እጠብቃታለሁ። ሁለት እጇን እስከ ጆሮዋ ስታነሳ ከዘንጉ የተገላገለው ትከሻዋ ላይ የቀረው ጠባሳ የመሰለ ምልክት ይታየኝ ነበር። ቆዳው እዚያ ላይ ጠቁሮ ወፍሯል። እንደ መዳፍ።

ዘመኑ ሄደ። የእሷም ባል ሞተ፣ የእኔም ሞተ። ልጆቼ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ፤ የእሷ ወንድ ልጅ በጾሬ ስደተኞች ጣቢያ ሥራ ይዞ በሳምንት መጨረሻ ይመጣል። ቧንቧ ገባ፤ ቧንቧው ሲቋረጥ ግን ሐዋ ዘንጓን ታነሳ ነበር። ማንጎም ዋጋ አወጣ፤ እሷም በዘንግ ገበያ እየወሰደች ትሸጠው ጀመር። ካቻምና በግንቦት፣ ሁለት ቅርጫት ሙሉ ማንጎ ተሸክማ ስትወርድ፣ የረገፈ ማንጎ ረገጠችና በቀኝ በኩል ወደቀች። አጥንት አልተሰበረም። እጇ ግን አልነሳ አለ። በግራ እጇ ይዛ ብታነሳው፣ ስትለቀው ይወድቃል። በዘይት አሹት፣ ወጌሻ አየው፣ ለውጥ የለም። እኔ ነኝ ሆስፒታል የወሰድኳት።

ሐኪሙ የአጥንት ሐኪም ነው፤ ከጎጃም የመጣ ወጣት፣ ረጋ ያለ። በአልትራሳውንድ አይቶ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለልን። የትከሻን አጥንት ራስ እንደ ቆብ ደፍተው የያዙ ጅማቶች አሉ፤ እጅን የሚያነሱትና የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። የሐዋ ቆብ ከላይ ተቀዶ ወደ ኋላ ተሰብስቧል።

«መውደቁ ብቻ አይደለም» አለ። «ለብዙ ዓመት ሲሳሳ የኖረ ነው። መውደቁ ጨረሰው።»

በጣም ትልቅ ቅድ ስለሆነ በራሱ እንደማይገጥም፣ መሰፋት እንዳለበት ነገረን። እኔ የልብስ ሰፊ መሆኔን ሲሰማ ደስ አለው፤ ለማስረዳት ቀለለው መሰለኝ። አዲስ አበባ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው የሚሰፉ አሉ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመም ይቀንሳል። እዚህ ትከሻውን ከላይ ከፍቶ ነው የሚሠራው። ከቆየ በኋላ ሲታይ ግን፣ ጥሩ ከተሰፋ፣ ልዩነቱ ብዙ አይደለም አለ። ስፌቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ፣ የጅማቱን ጫፍ በአንድ መስመር አጥንቱ ላይ ማሰር ነው። ሌላው በሁለት መስመር ነው፤ አንድ መስመር ከውስጥ አንድ ከውጭ ሆኖ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ለትንሽ ቅድ አንዱ ይበቃል፣ ለእንዲህ ያለ ሰፊ ቅድ እሱ ሁለቱን ይመርጣል።

«ያረጀ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ሲሰፋ ከስፌቱ አጠገብ ይቀደዳል» አልኩ።

«እኛም የምንፈራው ያንን ነው» አለ። «ስለዚህ ወጥረን አንስበውም። የደረሰበትን ያህል ብቻ።»

ሐዋ «አንተ፣ ይነሳል?» አለችው።

«ምን ያህል እንዲነሳ ይፈልጋሉ፣ እማማ?»

የግራ እጇን እስከ ጆሮዋ አነሳች። ቀኙ ጭኗ ላይ ቀረ። «እንደዚህ። ሁለቱ። አሁን ስሰግድ አንድ ነው የሚነሳው። አላህ ፊት ቆሜ ባጃጅ የምጠራ ይመስላል።»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ስትናገር ፊቷን አይቼው ነበር። በሽተኛ ሰው የቻለውን ያህል ቢያደርግ በሃይማኖታቸው እንደሚበቃው ታውቃለች፤ ሼኹም ነግረዋታል። እሷ ግን ከሁሉ ይህ ነው የከነከናት። ምግብ በግራ እጅ መብላቱን እንኳን እንደዚህ አላነሳችውም።

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። በሁለት መስመር ሰፋላት። በዚያው ሰሞን ለወንድሜ ተዝካር ወሎ ሄድኩ፤ ከሆስፒታል ስትወጣ አልነበርኩም። ስመለስ እጇ ከማንጠልጠያው ወጥቶ ነበር፤ እስከ ደረቷ ድረስ ይነሳል፤ ሐዋም ዓይኗ በርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ልጇ ደወለልኝ። እጇ እንደገና ወድቋል።

ሐኪሙ ዘንድ አብረን ገባን። እያየው ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ ሐዋ፣ ሸክም አይሸከሙ ብዬ አልነበረም?»

«አንተ ጀርባ አለ» አለችው። «በጀርባህ አትሸከም፣ በቀኝ እጅ አታንሳ፣ አለ። ወላሂ፣ ጀርባ ላይ ምንም አላደረግኩም። የልጅ ልጅ እንኳን አላዘልኩም።»

«ታዲያ በምን ተሸከሙ?»

የግራ ትከሻዋን መታ መታ አደረገች። «ይሄ ደህና ነው። ይሄን አንተ አልነካህም።»

የሆነው ይህ ነው። ውሃ ተቋርጦ ነበር። ዘንጉን በደህናው ትከሻ አድርጋ፣ በደህናው እጇ ይዛ፣ ትእዛዙን አንድም ሳታጓድል አቀበቱን ወጣች። አንድ ባጃጅ አጠገቧ ሲያልፍ የፊተኛውን ጀሪካን ነካው። ዘንጉ ዞረ። ዘንግ ሲዞር የበርታ ሴት እጅ አስቦ አይንቀሳቀስም፤ ከልጅነቱ የለመደው ነው። ቀኝ እጇ ራሱ ዘሎ ዘንጉን ያዘ። የሆነ ነገር ሲበጠስ ሰማሁ አለች።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በእኛ አገር ሸክም ማለት ጀርባ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እናቴም እንደዚያ ነው የምትሸከመው።» ሌላ ነገር አልጨመረም። ስለዚያ ወጣት የማከብረው አንድ ነገር ቢኖር ጥፋቱን ወደ ሐዋ አለመግፋቱ ነው። እኔ እዚህ አገር ዕድሜዬን ጨርሼ፣ በዚያው መንገድ ስንት ዓመት ከኋላዋ እየሄድኩ፣ ምናልባት እኔም ብናገር ጀርባ እል ነበር።

አዲስ አበባ ሄዳ ኤምአርአይ ተነሥታ መጣች። ፊልሙ መልካም ወሬ አልያዘም። ጅማቱ ርቆ ተሸሽጓል፤ እሱን የሚስበው ጡንቻ ሥራ ፈትቶ ወደ ስብነት ተለውጧል። ሐኪሙ በዚያ ቀን ያለውን አማራጭ ሁሉ ዘረዘረልን፤ አስተማሪው የነበሩ ትልቅ ሐኪም ለሥራ ሊመጡ ስለሆነ ከእሳቸው ጋር እንደሚሠራ ገለጸ። እንደገና መስፋት አይሆንም፤ ክሩ የሚይዘው ሥጋ የለም። ከጭን ላይ የጡንቻ ልባስ ወስዶ መጣፍ ይቻላል፤ ግን የተጣፈውን የሚስበው ጡንቻ ከሞተ እጁን የሚያነሳው ማን ነው? ጨርሶ ሳይነኩት በስፖርት ብቻ የቀሩትን ጡንቻዎች ማጠንከርም አለ፤ ሕመሙ ይቀንሳል፣ የሐዋ እጅ ግን ከደረቷ በላይ የሚሄድ አይመስለውም። ከዚያ የብረት መገጣጠሚያ አለ፤ አጥንቱ ተቆርጦ፣ ኳሱና ጉድጓዱ ቦታ ተለዋውጠው ይገባሉ፤ ያኔ ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ብቻውን እጁን ያነሳዋል። ለአረጋውያን ጥሩ ነው፣ ቶሎም ያገግማል፤ ነገር ግን እዚህ አይሠራም፣ ብረቱም ከውጭ ነው የሚመጣው።

«ብረቱ ሲበላሽ ማን ይጠግናል?» አለች ሐዋ። «አሶሳ ጋራዥ አለ?»

«እሱ ነው ችግሩ» አለ ሐኪሙ። «ከተበላሸ ሌላ መንገድ የለም።»

የመጨረሻው ከጀርባ ሰፊውን ጡንቻ ማምጣት ነው። ከብብት በታች እስከ ወገብ የሚወርደው ጡንቻ ጫፉ ከክንድ አጥንት ይነቀልና በትከሻው ዞሮ የተቀደደው ጅማት በነበረበት ቦታ ይታሰራል። ሥጋው የራሷ ነው፣ ሕያው ነው። የሐዋ የፊተኛው ጅማት ደህና ስለሆነ ይሠራላታል ብሎ ያስባል። ችግሩ ግን ጊዜው መርዘሙ ነው፤ እጅ ከጎን ተደግፎ ብዙ ሳምንት ይታሰራል፣ ከዚያ በኋላ ወራት የሚፈጅ ልምምድ አለ።

«ይሄ ጡንቻ ሥራው እጅን ወደ ታች መሳብ ነው» አለ። «አሁን ወደ ላይ አንሳ ልንለው ነው። መማር አለበት። አንዳንድ ሰው ላይ አይማርም።»

«ዘንግ?» አለች።

«ዘንግ በየትኛውም የለም፣ እማማ። በግራም በቀኝም። በጀርባም፣ በራስም፣ በትከሻም።»

ሐዋ ወደ እኔ ዞረች። «ዘነቡ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

በሰው አካል ላይ መምከር ይከብደኛል። «ካንቺ የሆነው ይሻላል» አልኩ። ብረቱን ማለቴ እንዳልሆነ ገባት።

የጀርባው ጡንቻ በኦፕራሲዮን ከተዛወረላት በኋላ ልጇ የሚሠራው ሩቅ ስለሆነ እኔ ቤት አረፈች። ቶቧን እኔ አለብሳታለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ለክቻለሁ፣ ሰው አልብሼ ግን አላውቅም ነበር። ጫፉን ወደ ትከሻዋ ስጥል ሁልጊዜ ይንሸራተታል። «አንተ ጨርቅ አያውቅም» ትለኛለች። ምሽት ላይ ስለ ድሮው እናወራለን። ያ ሬዲዮ፣ የነጋዴው ሚስት፣ ዝናብ ሲመጣ የምንጠለልበት ቆርቆሮ። ሐዋ ከእኔ የተሻለ ታስታውሳለች፤ እኔ የረሳሁትን የራሴን ቀሚስ ቀለም ነገረችኝ። በመካከል እጇን በማሰሪያው ውስጥ እንዳለ ሁለታችንም እናየዋለን።

ማሰሪያው ሲፈታ ልምምዱ ተጀመረ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ከባምባሲ የመጣች ልጅ ናት። ያንሱ ስትላት ምንም የለም። ሐዋ ጥርሷን ነክሳ ትሞክራለች፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሄዳል፣ እጇ ከጭኗ አይነሳም። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ያ ጡንቻ አይማርም የተባለው እሷ ላይ ደረሰ ብዬ በልቤ ቆርጬ ነበር። አንድ ጠዋት ባለሙያዋ ሌላ ነገር ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ እጅዎን በኃይል ወደ ታች የሚስቡበት ሥራ ምንድን ነው? ቤት ውስጥ።»

«ሙቀጫ» አለች ሐዋ። «የደረቀ ባሚያ ስወቅጥ።»

«በሉ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ዘነዘናውን ይዘዋል። በኃይል ይውቀጡ። በሐሳብዎ ወደ ታች፤ እጅዎ ግን ወደ ላይ ይሂድ።»

ሐዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እጇ ከጭኗ ተነሣ፤ እየተንቀጠቀጠ እስከ ደረቷ፣ ከዚያ እስከ አገጯ ደረሰ። ዓይኗን ስትገልጥ ወደቀ። ባለሙያዋ አጨበጨበች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ቀኑን ሙሉ ሙቀጫ የሌለበት ወቀጣ ሆነ። ፀጉሯን ለማበጠር ትወቅጣለች፣ ከመደርደሪያ ኩባያ ለማውረድ ትወቅጣለች። ቶቧን ራሷ መጣል ጀመረች። ወር በወር እጇ ከፍ አለ፤ ከግራው ትንሽ ቢያንስም ጆሮዋ ደረሰ። ሐኪሙ ተደሰተ። ሐዋ ግን እንደጠበቅሁት አልተደሰተችም። ከስግደት በኋላ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ትቆያለች። ጠየቅኋት።

«አላሁ አክበር ስል ባሚያ አስባለሁ» አለችኝ። «አላህ ትልቅ ነው እያልኩ በልቤ ሙቀጫ። ካላሰብኩ እጄ አይነሳም። ካሰብኩ ደግሞ ልቤ አላህ ጋ የለም። ይሄ ስግደት ነው? አንድ እጅ ይሻል ነበር።»

የእነሱን ሃይማኖት ስለማላውቅ ሼኹን ጠይቂ አልኳት። ጠየቀች። ሼኹ አላህ ልብሽን ያውቃል፣ ችግሩንም ያውቃል፣ ስገጂ አሏት። «ሼኽ ደግ ሰው ነው» አለችኝ ተመልሳ። «ደግ ስለሆነ ነው ያለው።» ባለሙያዋንም ጠየቅናት። ይቆያል እንጂ ሳታስብም መነሣቱን እጇ ይለምዳል፣ አንዳንዴ ግን ዓመት ያልፋል አለች። የማይለምድ እንዳለ አልነገረችንም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሐዋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በየቀኑ አምስት ጊዜ የምታደርገውን ሳስብ እንቅልፍ የማጣበት ቀን ነበር። ከማንም ጋር አልተነጋገርኩበትም። መንገድ ላይ ስንገናኝ በዓይኔ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ራሷን ትወዘውዛለች። ክረምቱ በዚህ አለፈ።

በመስከረም፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳዬ ላይ የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም እያጠበብኩ ሳለ ሐዋ መጣች። ከመስጊዱ አቅጣጫ ነበር የመጣችው። በርጩማ አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም። የብርቱካናማ ቶቧ ጫፍ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተት ነበር፤ ልብ አላለችውም። እኔም ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳላወጣ ቀና ብዬ አየኋት።

«ዘነቡ» አለችኝ። «ሁለቱም ተነሱ። ዛሬ አልወቀጥኩም።»